በሮብ ገበያ የተሰማው ግስ

ሮብ ገበያ መጥታችሁ «የእንግሊዝኛው የኔታ ቤት የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ድንች የምትመዝነዋ ሴትም፣ ሞተር ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠው ጎረምሳም እኩል እጃቸውን ይዘረጉላችኋል። «ያ ከፍ ብሎ የሚታየው ቆርቆሮ፤ ባሕር ዛፉን አለፍ ብላችሁ።» ሲጠቁሙ ፈገግ ይላሉ። ፈገግታቸው የፌዝ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ እሱ ዘንድ ተምሯል፤ የቀረው ልጁን እሱ ዘንድ ልኳል።

ሰውየው ገብረ ኪዳን ይባላል። የኔታ አይደለም፤ ቄስም ዲያቆንም አይደለም። ከገበያው በላይ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ፣ የጮቄ ብርድ ሲበረታ ከኮቱ ላይ ጋቢ የሚደርብ ኩሩ ሰው ነው። ኩራቱን ደግሞ አይደብቅም። «ከኔ እጅ የወጣ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲናገር ፈረንጅ ቆሞ ያዳምጠዋል» ይላል። ሮብ ገበያ ፈረንጅ ከታየ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ብታስታውሱት፣ «የመጣ ቀን ይሰማላ!» ብሎ አፋችሁን ያስይዛችኋል።

ቅጽል ስሙ የወጣለት በአስተማሪነቱ ጠባይ ነው። ሌላው መምህር እንግሊዝኛን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እሱ ያስጮኸዋል። አንድ ግስ ያነሣና እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እሷ፣ እኛ፣ እነሱ እያሰኘ፣ በትናንት፣ በዛሬና በነገ እያዟዟረ እስከ ታች ያወርደዋል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ቆሞ ይመራል፤ ክፍሉ በሙሉ ይከተላል። ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የወጡት ወጣት መምህራን «ጋሽ ገብረ ኪዳን፣ ይሄ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው» ሲሉት አይከራከርም። «ልክ ናችሁ። እናንተ በፕሮጀክተር አስተምሩ፤ መብራት ሲመጣ እንገናኛለን» ይላቸዋል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲለጠፍ ግን የእንግሊዝኛውን ዓምድ በጣቱ እየተከተለ፣ እነሱ እስኪሰሙት ድረስ ጮክ ብሎ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ምን ይደረግ!

ይህን አስተማሪነት ከየትኛውም ኮሌጅ አላመጣውም። የቅኔ ቤት ነው። በልጅነቱ ወልደ ሩፋኤል ከሚባል ጓዱ ጋር አኮፋዳ አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኗል፤ በአንድ ደበሎ ሁለት ሆነው ተኝተዋል፤ አንዱን ውሻ ሲነክሰው ሌላው ቁስሉን አጥቦለታል። ግስ ማውረድን የተማረው እዚያ ነው። የግዕዝ ግስ ከነአገባቡ ካልተጠና ባዶ ነው ይሉ ነበር የኔታቸው። ገብረ ኪዳን ይህን ቃል ተሸክሞ ወጣና በእንግሊዝኛ ላይ አሳደረው።

ወጣ ያልኩት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ሄዶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተመዘገበ፣ በቃ። ወልደ ሩፋኤል ቀረ፤ ተማረ፣ መሪጌታ ሆነ፣ ዛሬ ከሮብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ራሱ ቅኔ ቤት ዘርግቶ ያስተምራል። ሁለቱ አልተጣሉም። በዓል ሲሆን ይጠያየቃሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ። ነገር ግን ወልደ ሩፋኤል ባገኘው ቁጥር «አንተ እንግሊዝ፣ ለመሆኑ ጀምረህ የተውካት ቅኔ አለቀች?» ሳይለው አያልፍም። ገብረ ኪዳን ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ለምን ቢባል፣ ቅኔ ቤት ያለፈ ያውቀዋል፤ ተማሪው የራሱን ቅኔ አዘጋጅቶ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። ጎደሎ ካለው መምህሩ ያርማል። ምንም እንከን የማይወጣለት ሲሆን ግን «ይበል!» ይላል። ይቺን አንዲት ቃል ለመስማት ስንቱ ዓመታት ይደክማል። ገብረ ኪዳን ሳይሰማት ነው የወጣው። አርባ ዓመት ሆነው፤ አሁንም ታሳክከዋለች።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሩ የተነሣው በዚህ በታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን ረቡዕ ነው።

ክፍሉ አስራ ሁለተኛ ነው፤ ስድሳ ሦስት ተማሪ። ትምህርት በተቋረጠባቸው ዓመታት የተነሣ አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከሁሉም ፊት የምትቀመጠው ሔዋን ናት፤ የዚያው የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ። ገብረ ኪዳን እንደሷ ያለ ተማሪ በሠላሳ ሦስት ዓመት ሦስት አላየም። ግስ ሲወርድ የምትመራው እሷ ናት፤ ድምፅዋ የአባቷ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ግድግዳ የማይዘው። ሌላ መምህር ሲያገኝ «የሔዋንን ድርሰት አይተሃል?» ይላል። «አይቻለሁ» ቢሉትም መልሶ ያነብላቸዋል።

በዚያ ቀን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አንድ ሰው ከታጨለት ሰው ጋር የነበረውን ነገር ሲያቆም፣ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ብራቮ!» አለ ገብረ ኪዳን። ጥሩ ጥያቄ ሲቀርብለት ሌላ ነገር አይታየውም፤ ለምን ጠየቀች ብሎ ማሰብ በጭራሽ ትዝ አላለውም። «ብሬክ አፕ ነው የሚባለው። በሉ ዓረፍተ ነገር ስጡኝ።»

ሰጡት፤ ልቡ እስኪደክም ድረስ። አንዱ ተነሥቶ ልጅቱ እጮኛዋን «ብሮክ» አደረገችው አለ። «ኧረ በማርያም! ሰውየውን እንደ ገንቦ ሰበረችው እኮ አልክ!» አለው። ሌላዋ «አፕ»ን ጨመረችና አጠገቡ ምንም ሳታስቀምጥ የሰውየውን ስም ጠራች። «ይሄኛው ደግሞ ተበታተነ፤ ማን ይልቀመው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የቀሩት ሁሉ በአንድ አፍ «ፍሮም» አሉ፤ አማርኛው «ከእሱ ተለያየች» ስለሚል መሆኑ ገባው።

«ስሙ» አለ ጠመኔውን አስቀምጦ። «ይሄ ግስ ብቻውን ቤት አይገባም፤ ሁለት ተከታይ አለው። አፕ አንድ፣ ዊዝ ሁለት። ዊዝ ማለት ‹ጋር› ነው። እንግሊዙ ከማን ጋር እንደነበርክ ነው የሚጠይቅህ፤ አብረኸው ካልነበርክ ምኑን ትተዋለህ? በሰማንያ የተጋቡ ከሆኑ ሌላ ቃል አላቸው፣ ዲቮርስ ነው። ይሄ ግን ለፍቅረኛና ለታጨ ነው። ገባችሁ? ሔዋን፣ ምሪ።»

ሔዋን ቆመች። «ሺ ብሮክ አፕ ዊዝ ሂም!» አለች። ስድሳ ሁለቱ ተከተሏት። እኔ ተውኩት፣ እሷ ተወችው፣ እነሱ ተዉአቸው፣ ነገ ትተወዋለች፣ ድሮም ትታው ነበር። የመስኮቱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ገበያው ውስጥ ገባ።

ገበያው ውስጥ ደግሞ አያ ገዳሙ ነበሩ። አያ ገዳሙ የይጁቤ ሰው ናቸው፤ የድንችና የገብስ ነጋዴ፣ የተከበሩ። ስማቸው የሚባለው ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ላይ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሔዋንን ያጨውም እሱ ነው። አምና ሽማግሌ ተልኮ ቃል ተሰጥቷል፣ ሠርጉም ልጅቱ ፈተናዋን ከወሰደች በኋላ ተብሎ ተቆርጧል። አያ ገዳሙ ጆንያ ሲያስጭኑ ከላይ የሚመጣውን ጩኸት ሰሙ። መጀመሪያ ፊት ፊት የምትለዋን ድምፅ አወቋት። «ምራቴ ናት!» ብለው ደስ አላቸው፤ ከዚያ አጠገባቸው ሲም ካርድ የሚሸጠውን ልጅ «ምንድን ነው የሚሉት?» አሉት።

«‹እሷ ትታዋለች› ነው የሚሉት አያ።»

«ማን ማንን?»

«ያጫትን ሰውዬ ነዋ!» አለ ልጁ፤ እንግሊዝኛ መቻሉን ለማሳየት ቸኩሎ።

አያ ገዳሙ ጆንያውን ትተው ቆመው አዳመጡ። ግሱ ደግሞ እንደምታውቁት ማለቂያ የለውም። በዚያው ዕለት ወደ መሪጌታ ቤት ሄዱ።

ሐሙስ ሔዋን አልመጣችም። ዓርብም አልመጣችም። ገብረ ኪዳን ብርድ መቷት ይሆናል ብሎ ዝም አለ። ዓርብ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሥራነሽ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጉድ ሆነሃል» አለችው። «ገበያው ሁሉ አንተን ነው የሚያወራው። መምህሩ ልጃገረዶቹን ባል መተው እያስጠናቸው ነው ተብሏል።»

«ምን? እኔ?»

«በዜማ ጭምር! የመሪጌታን ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥተዋታል። ሠርጉ ወደዚህ ጥር መጥቷል። አያ ገዳሙ ‹ልጅቱ ልምምዱን ሳትጨርስ እናግባት› ብለዋል አሉ።»

ገብረ ኪዳን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ስድቡ አልከነከነውም፤ ስድብ ለምዷል። ጥር ማለት ሦስት ሳምንት ነው። ሔዋን በጥር ከተዳረች በሰኔ ፈተና የሚባል ነገር የለም። «ሥራነሽ» አላት ድምፁ ተሰብሮ፣ «በገዛ አፌ ነው ያበላሸሁት። ያቺ ልጅ እኮ የትም የምትደርስ ልጅ ናት! እኔ ነኝ ያስጮህኳት!»

«እንግዲያ አንተው አስተካክላ። አፍ አልጎደለህ» አለችው። ሥራነሽ እንዲህ ናት፤ ታፅናናለች ግን አታባብልም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ ወጣ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያወርድና ሲያወጣ ሄደ። ግቢው ሲደርስ በቅኔ ቤቱ ጎጆዎች ውስጥ ተማሪዎቹ ግስ እያጠኑ ነበር፤ ድምፃቸው ከየአቅጣጫው ይመጣል። አርባ ዓመት ያለፈ አልመሰለውም። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ደጅ ላይ፣ ፀሐይ በሚሞቅበት መደብ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አያ ገዳሙ አሉ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መምጣታቸው ነው።

«ግባ አንተ እንግሊዝ» አለው ወልደ ሩፋኤል። ዛሬ ግን አልሳቀም። «ልልክብህ ነበር፤ በእግርህ መጣህ። እኔ ልጄን ያመንኩህ ጓዴ ስለሆንክ ነው። አንተ ገበያ ሙሉ ሰው እየሰማ ‹ያጨኝን ትቼዋለሁ› እያሰኘህ ታስጮህልኛለህ? እኔ የሰው ፊት የምቆም ሰው ነኝ እኮ!»

«መምህር፣ እርስዎን እናከብርዎታለን» አሉ አያ ገዳሙ ቀበል አድርገው። «ነገር ግን የኔ ልጅ ምን በደለ? በገበያ መሐል ስድሳ ሰው ነው አንድ ላይ የተወው።»

ገብረ ኪዳን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከጎጆዎቹ የሚመጣውን ሰማ። አጤነው፣ በልቡ ደገመው። ከዚያ ፊቱ እየፈካ መጣ።

«አያ ገዳሙ» አለ፣ «እስቲ ያንን ጎጆ ያዳምጡ። ምን ይላል?»

«ተማሪ ነዋ። ግዕዝ ነው፤ እኔ ምን አውቄ።»

«እኔ ልንገርዎት። ‹ቀተለ፣ ገደለ። ይቀትል፣ ይገድላል። ይቅትል፣ ይግደል› ነው የሚለው። የግስ ሁሉ ራስ እሱ ነው፤ ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ የሚጀምረው በመግደል ነው። ወልደ ሩፋኤል፣ እኔና አንተ ይሄን ስንት ወር ጮህነው?»

ወልደ ሩፋኤል ጢሙን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«በጋውን በሙሉ! ገደልኩ፣ ገደልክ፣ ገደሉ እያልን መንደሩን አናወጥነው። ስንት ሰው ገደልን? ዶሮ እንኳ ማረድ ትፈራ አልነበር? ፖሊስ መጣብን? የሠፈሩ እናቶች ‹ነፍሰ ገዳዮቹ መጡ› ብለው በር ዘጉብን ወይስ ቁራሽ ሰጡን? ግስ ነው ጓዴ! ግስ የሚያወርድ ሰው ሁሉንም ያወርዳል። አንተ ራስህ ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ሠላሳ ልጅ መግደል እያስተማርክ እኔን መተው አስተማርክ ትለኛለህ?»

አያ ገዳሙ ወደ ጎጆው አዩ፣ ወደ መሪጌታ አዩ። ወልደ ሩፋኤል መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አይ አንተ! ዶሮዋን ደግሞ ምን አስታወሰህ!» አያ ገዳሙም ፈገግ አሉ። ጠላ ተቀዳ። ገብረ ኪዳን ዋንጫውን ሲቀበል ልቡ ቅቤ ጠጣ። እግዜር ይስጠው፣ እንዲህ ያለ ሙግት ዳኛ ፊት እንኳ አይገኝም ሲል አሰበ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ አያ ገዳሙ። «ነገሩ ትምህርት ከሆነ እኔም አልጨክንም። ሠርጉ በቀጠሮው ይሁን፤ ልጅቱም ትማር። ብቻ ራሷ ትምጣና ትምህርት ነበር ትበለኝ። ለልጄ የምነግረው ይኑረኝ።»

«ምን ችግር አለው!» አለ ወልደ ሩፋኤል። «ሔዋን!»

ሔዋን ከጓዳ ወጣች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። ገብረ ኪዳን በዓይኑ አበረታታት። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «አዎ» ትላለች፣ ሰኞ ክፍሏ ትገባለች።

«ያን ቀን የምትይው የነበረው ትምህርት ነው አይደል ልጄ?» አሏት አያ ገዳሙ።

ሔዋን አባቷን አየች። ከዚያ መምህሯን አየች፤ ፊቷ ላይ ያዘነችለት የሚመስል ነገር ነበረበት።

«ለሌሎቹ ትምህርት ነበር አያ» አለች። «ለኔ ግን እውነት ነው። ጥያቄውንም ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ መምህር የሚያውቁት ነገር የለም። አሁን ማግባት አልፈልግም። ስማቸው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሽማግሌ ሲመጣ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አፍ አላወጣሁም። አሁን አወጣሁ።»

የገብረ ኪዳን ወሽመጥ ተቆረጠ። ያን ያህል የተዋበበት ሙግት በአንድ ትንፋሽ ፈረሰ፤ ያፈረሰችው ደግሞ ራሷ ናት። አንድ ሐሳብ ሽው አለበት፤ «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፣ አትስሟት» ይበል? እንዲያ ቢል አያ ገዳሙ ይቀበሉት ነበር። ሔዋን ፈተናዋን ትወስድ፣ የቀረው በኋላ ይታይ ነበር። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅቱ ቀና ብላ ቆማለች፤ እሱ ሠላሳ ሦስት ዓመት «አፋችሁን ሞልታችሁ ተናገሩ» እያለ ያስጮኸውን፣ አፏን ሞልታ ተናግራለች። አሁን እንዴት አድርጎ ዝም በይ ይበላት?

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለና ተነሣ። «አያ ገዳሙ፣ ቅድም ግስ ነው ብዬዎታለሁ፤ ለስድሳ ሁለቱ ግስ ነው። ለዚችኛዋ እኔም ተሳስቻለሁ፤ አላወቅሁም ነበር። ግን አላፍርባትም። ኮርቼባታለሁ!»

«አይ መምህር!» አሉ አያ ገዳሙ ፊታቸው ጠቁሮ። «የኔ ልጅ ይሄን ከገበያ ይስማው?»

«ከገበያ አልሰማውም አያ» አለች ሔዋን። «ነግሬዋለሁ። ሰኞ ዕለት፣ ጥያቄውን ከመጠየቄ በፊት፣ ደውዬ ለራሱ ነገርኩት። ለሱ ሳልነግር ለሰው ብናገር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው።»

አያ ገዳሙ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ደወሉ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት።

«ስማቸው፣ ይቺ ልጅ ነግሬዋለሁ ትላለች። ነግራሃለች?»

ስልኩ ውስጥ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማል፤ ሱቁ ውስጥ ነው። «ነግራኛለች አባባ» አለ ስማቸው። «እርስዎን ላለማሳዘን ነው ዝም ያልኩት። ከፍቶኛል። ግን ነግራኛለች፤ አልዋሸችኝም። ይተዉአት።»

አያ ገዳሙ ስልኩን ዘግተው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡና ተነሡ። «እንግዲህ ልጁ ተዋት ካለ እኔ ምን እላለሁ» አሉ። በር ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ። «ቢያንስ እንደ ሰው ነገረችው። ስንቱ ዝም ብሎ የሚጠፋ አለ።» ወጡ። ጠላቸው ሳይጠጣ ቀረ።

ወልደ ሩፋኤል ከመደቡ አልተነሣም። ገብረ ኪዳን ሊያየው ፈራ። ሽማግሌ ፊት ቃል የሰጠው እሱ ነው፤ ያ ቃል ከዚህ በኋላ በሰው አፍ ምን እንደሚባል ሁለቱም ያውቃሉ። ሔዋንም ታውቃለች። እግሯ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ሔዋን» አለ ወልደ ሩፋኤል በመጨረሻ። ድምፁ የአባት አልነበረም፤ የተማሪ ቅኔ ሲሰማ የሚያወጣው ነው። «እዚህ መጥተሽ ቁሚ። ፊቴ። ገበያው የሰማውን እኔ አልሰማሁትም። በይ ንገሪኝ።»

ገብረ ኪዳን ነገሩ ገባው። ሔዋን ሦስት እርምጃ ቀረበች። ተማሪ ቅኔ ሲናገር እንደሚቆመው እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«አይ ብሮክ አፕ ዊዝ ስማቸው። አይ ቶልድ ሂም ማይሰልፍ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ፍቺው።»

«ከስማቸው ጋር የነበረውን ነገር አቁሜያለሁ። የነገርኩትም እኔው ራሴ ነኝ።»

ወልደ ሩፋኤል ወደ ገብረ ኪዳን ዞረ።

«አንተ፣ ይታረማል?»

«አይታረምም» አለ ገብረ ኪዳን።

«ምንም?»

«ከነአገባቡ ነው። አንድ እንከን አይወጣለትም።»

«ቃሌን ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ እኔው እመልሳለሁ» አለ ወልደ ሩፋኤል። «ያሳፍረኝ ይሆናል። ያሳፍረኝ። ልጄ ፊቴ ቆማ እውነት ከተናገረች የኔ ማፈር ምኑ ነው።» ሔዋን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አሁንም ግን ከቆመችበት አልነቃነቅም አለች። እሱም መደቡን ተደግፎ ተነሣና፣ ለተማሪዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ በማይሰጠው ድምፅ፣ ጎጆዎቹ እስኪሰሙ ድረስ፣

«ይበል!» አለ።

ገብረ ኪዳን ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገ። እንዲያም ሆኖ ኩሩ ሰው አይደል፣ ሳይጠይቅ መቅረት አልቻለም።

«ለሷ ነው?»

ወልደ ሩፋኤል የጓዱን ከዘራ ከመሬት አንሥቶ አቀበለው።

«አርባ ዓመት ዘገየህ እንጂ» አለው፣ «ላንተም ነው።»